በማሳና በመሶብ መካከል

ክቡራን እንግዶች፣ የማኅበራችን መሥራች እናቶችና አባቶች፣ ከክልል ዩኒቨርሲቲዎችና ከምርምር ማዕከላት ረጅም መንገድ ተጉዛችሁ የመጣችሁ ባልደረቦቼ፣ ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ በመካከላችን የተቀመጣችሁ ወጣት አባላት፤ እንኳን በደኅና መጣችሁ፤ እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም አደረሳችሁ።

እኛ የግብርና ኢኮኖሚ ባለሙያዎች ስለ ምግብ ስንነጋገር ዓይናችን ወዲያው ወደ ማሳው ይሄዳል። ስለ ምርጥ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያ፣ በሄክታር ስለሚገኝ ምርት ብዙ ጽፈናል፤ መጻፍም ነበረብን። ዛሬ ግን እህሉ ከአውድማ ከተነሣ በኋላ መሶብ እስኪደርስ ድረስ በእጃቸው ስለሚያልፍ ሰዎች መናገር እፈልጋለሁ።

ለዚህ ከመሐል አዲስ አበባ መውጣት አያስፈልገንም። ከዚህ አዳራሽ እስከ መርካቶ እህል በረንዳ ያለው መንገድ አጭር ነው። ከጎጃም ወይም ከምሥራቅ ሸዋ የተነሣ አንድ ኩንታል ጤፍ እዚያ እስኪደርስ ስንት ሰው እንጀራውን እንዳገኘበት አስቡት። የገጠሩ ሰብሳቢ ነጋዴ፣ መዛኙ፣ ሾፌሩና ረዳቱ፣ ገዢና ሻጭ የሚያገናኘው ደላላ፣ በትከሻው የሚያወርደው ጫኝና አውራጅ አሉ። ከዚያ ሴቶች ያበጥሩታል፣ ይነፉታል፤ ወፍጮ ቤት ይፈጫል። ከወፍጮ በኋላ ደግሞ ሌላ ረጅም ሥራ ይጀምራል። ሊጡ ተቦክቶ፣ እርሾ ተጨምሮበት፣ ቀናት ቆይቶ፣ አብሲት ተጥሎለት፣ ገና ጎህ ሳይቀድ በምጣድ ላይ ይጋገራል። ባልና ሚስት ሥራ በሚውሉባቸው የጀሞና የሰሚት ኮንዶሚኒየሞች ይህን ሁሉ በቤቱ የሚያደርግ ሰው እየቀነሰ ነው። ስለዚህ ትናንት በየጓዳው ያለ ክፍያ ይሠራ የነበረው ሥራ ዛሬ ገበያ ወጥቶ የብዙ ሴቶች መተዳደሪያ ሆኗል። ጥሬ ጤፍ ወደ ውጭ እንዳይላክ ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ ሲከለከል እንጀራ ግን እንዲላክ መፈቀዱም ትርጉም ነበረው፤ መፍጨቱ፣ ማቡካቱና መጋገሩ እዚሁ ቀርቷል።

ይህ ሁሉ ሥራ በመዝገባችን ውስጥ የት አለ?

በ1997 ዓ.ም. በተካሄደው ብሔራዊ የሠራተኛ ኃይል ጥናት ሥራ ካለው ሕዝብ 80 በመቶ ያህሉ በግብርና የተሠማራ ነበር። በ2005 ዓ.ም. ጥናት ይህ ድርሻ ወደ 73 በመቶ ገደማ ወረደ። ከዚያ በኋላም አቅጣጫው አልተለወጠም። ይሁን እንጂ ቁጥሮቹን ስንደረድር እንጠንቀቅ። እ.ኤ.አ. በ2013 የዓለም የሥራ ስታትስቲክስ ባለሙያዎች ጉባኤ «ሥራ ላይ መሆን» የሚለውን ለክፍያ ወይም ለትርፍ ከሚሠራ ሥራ ጋር ብቻ አቆራኝቶታል። በአዲሱ መለኪያ በዋናነት ለቤቱ ፍጆታ የሚያርስ ገበሬ በ«ሥራ ላይ ያለ» ተብሎ አይቆጠርም። የድሮውንና የአዲሱን መለኪያ ሳይለይ «ሕዝባችን ከእርሻ ወጣ» ብሎ የሚደመድም ጽሑፍ በስማችን ሊወጣ አይገባም።

ከዚህ የባሰ ችግርም አለ። መጠይቆቻችን በዋናነት የሚጠይቁት ባለፉት ሰባት ቀናት ስለነበረው ዋና ሥራ ነው። በክረምት የሚያርስ፣ በበጋ እህል የሚነግድ ወይም በአህያ የሚያጓጉዝ ሰው መዝገብ ላይ የሚሰፍርለት በጠየቅንበት ሳምንት የሠራው ዋና ሥራ ብቻ ነው። ለልጆቿ ስትጋግር ለጎረቤት ሱቅ አሥር እንጀራ የምትጨምር እናት ደግሞ ብዙ ጊዜ «የቤት እመቤት» ትባላለች። እውነቱን ለመናገር ይህ ያሳዝነኛል። ያልቆጠርነው ሠራተኛ በጀት አይመደብለትም፣ ሥልጠና አይታቀድለትም፣ የመሥሪያ ቦታም አይታሰብለትም።

በምዕራብ አፍሪካ ይህን ቆጠራ ሞክረውታል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ የአካባቢው ጥናት እንዳመለከተው የምግቡ ኢኮኖሚ ለ82 ሚሊዮን ሰዎች ሥራ ሲሰጥ ከእነዚህ ውስጥ 22 በመቶ ያህሉ ከእርሻ ውጭ ያሉ ናቸው። ምግብ በማቀነባበር ከተሠማሩት 83 በመቶ፣ ከቤት ውጭ የሚበላ ምግብ ከሚያዘጋጁት ደግሞ 88 በመቶ ሴቶች ናቸው። የእኛ አገር ከዚያ ይለያል፤ የሴቶቹ ነገር ግን የማይለይ ይመስለኛል። ቡና ለቀማው፣ ጉልቱ፣ ጠላውና አረቄው፣ በርበሬ ማዘጋጀቱ በማን እጅ እንዳለ ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

ከመንግሥት በኩል ትኩረቱ ያረፈው በትልልቅ ፋብሪካዎች ላይ ነው። በቡሬ፣ በቡልቡላ፣ በይርጋለምና በባእከር የተጀመሩት የተቀናጁ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርኮች ተገቢ ውጥኖች ናቸው፤ ማኅበራችንም ይደግፋቸዋል። ነገር ግን በየዓመቱ ወደ ሥራ ገበያው የሚገባው 2 ሚሊዮን ገደማ ወጣት በፋብሪካ በር ብቻ አያልፍም። እሱን እየተቀበለ ያለው ትንሹ ወፍጮ፣ ትንሹ የጋጋሪዎች ቤት፣ አንድ አይሱዙ ያለው አጓጓዥ ነው። እነዚህ የሚፈልጉት ደግሞ እንደማይቋረጥ መብራት ያለ ቀላል ነገር ነው። መብራት ሲቋረጥ የቦካ ሊጥ ይበላሻል፤ ምጣዱ የሚሰማበት ሰዓት ካለፈም የዕለቱ ደንበኛ ይሄዳል።

ቦታም ሥራ ነው። የፒያሳው አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ወደ ጃን ሜዳ፣ በማግሥቱ ዓመት ደግሞ ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሲዛወር የተዛወረው ሽንኩርትና ቲማቲም ብቻ አልነበረም። በዙሪያው የነበሩት ተሸካሚዎች፣ ቸርቻሪዎች፣ ሻይና ምሳ የሚያቀርቡ ሴቶች ኑሯቸው ከዚያ ቦታ ጋር የተሳሰረ ነበር። ከፒያሳና ከካዛንቺስ ነዋሪው ወደ ከተማዋ ዳር ሲሄድም እንዲሁ ነው። የከተማዋ መታደስ እንዲሳካ የምንመኝ ሰዎች ለእነዚህ ሠራተኞች ቀድሞ የታሰበ ቦታ እንዲኖር የመጠየቅ ግዴታ አለብን። አንድ አካባቢ ከመነሣቱ በፊት የምግብ ሥራዎቹ ሊቆጠሩ ይገባል።

ስለ ክፍያም ዝም ማለት አልችልም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛ ደመወዝን የሚወስን ቦርድ እንደሚቋቋም ደንግጓል፤ ይህ ብዙ ዓመት ሲጠበቅ የቆየ ጉዳይ ነው። ይሁንና ቦርዱ ነገ ቢቋቋም እንኳ በኩንታል ለሚከፈለው ጫኝና በኪሎ ለምትከፈለው ቡና ለቃሚ ምን እንደሚያመጣ አስቀድመን ማጥናት ያለብን እኛ ነን።

ስለዚህ የሥራ አመራር ኮሚቴው በዚህ ጉባኤ አንድ ሐሳብ ያቀርባል፤ አባላቱ በየምትሠሩበት ተቋም በምታካሂዱት የቤተሰብ ጥናት ላይ የበጋውንና የክረምቱን ሥራ ለየብቻ የሚጠይቅ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ሥራን የሚመዘግብ፣ ለሽያጭ የሚጋገረውንና የሚጠመቀውን ከቤት ፍጆታው የሚለይ አንድ የጋራ መጠይቅ እንድንጠቀም ነው። ረቂቁ በእጃችሁ ካለው ሰነድ ጋር ተያይዟል። ከሰዓት በኋላ በሚኖረው ውይይት ሳትራሩ ተቹት፣ አሻሽሉት፤ ነገ ከመለያየታችን በፊት እናጽድቀው። ከዚያም ለኢትዮጵያ ስታትስቲክስ አገልግሎት በማኅበራችን ስም እናቀርበዋለን።

ጉባኤው መከፈቱን በታላቅ አክብሮት አበሥራለሁ። አመሰግናለሁ።