ሲልቨር ብሪጅን የጣለው ስንጥቅ

እሱ፦ ጤና ይስጥልን ወዳጆች! እንደተለመደው ከአዳማ ነን። የዛሬው ወሬያችን ድልድይ ነው።

እሷ፦ የአዋሽ እንዳትለኝ።

እሱ፦ ራቅ ይላል። አሜሪካ፣ ኦሃዮ ወንዝ ላይ የነበረው ሲልቨር ብሪጅ። የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1928 ነው።

እሷ፦ ተንጠልጣይ ነው አይደል? በገመድ የተያዘ።

እሱ፦ ተንጠልጣይስ ነው፣ ገመድ ግን የለውም። ጉዱ ያለው እዚህ ጋ ነው። እንደ ብስክሌት ካቴና ነው የተሠራው። ጫፍና ጫፉ ቀዳዳ ያለው ረጅም የብረት ዘንግ፣ ከዚያ ፒን፣ ከዚያ ሌላ ዘንግ። ጎን ለጎን የሚሸከሙት ደግሞ ሁለት ሁለት ዘንጎች ብቻ ናቸው።

እሷ፦ አንዱ ቢበጠስስ?

እሱ፦ አለቀ! ሁለተኛው ብቻውን አይችለውም። የሽቦ ገመድ ቢሆን አንድ ሽቦ ሲበጠስ ሌሎቹ ይይዙታል።

እሷ፦ ተበጠሰ ማለት ነው።

እሱ፦ ታኅሣሥ 5 ቀን 1960 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ 1967 መሆኑ ነው። ዓርብ፣ 11 ሰዓት ገደማ። ሰው ከሥራ ይወጣል፣ የገና ገበያ አለ፣ ድልድዩ በመኪና ተጨናንቋል። ተያይዞ ወንዝ ገባ። 46 ሰው ሞተ። የሁለቱ አስከሬን ጭራሽ አልተገኘም።

እሷ፦ ነፍስ ይማር። ቀድሞ ያየ ሰው የለም?

እሱ፦ በምን ይታያል? ስንጥቁ ያለው ፒኑ በሚገባበት ቀዳዳ ውስጥ ነው። ጥልቀቱ 2.5 ሚሊ ሜትር ገደማ። መጋጠሚያውን ፈተህ ካላየኸው አታገኘውም። መኪና የሚመላለስበትን ድልድይ ማን ይፈታል? ዝገትና ውጥረት ተጋግዘው ዓመታት ሙሉ ቀስ እያሉ በሉት።

እሷ፦ ክብደቱም አለ እኮ። በ1928 የሚታሰበው እነ ፎርድ ሞዴል ቲ ናቸው። በፈረንጆቹ 60ዎቹ የመጣው መኪና ከዚያ እጥፍ በላይ ይመዝናል። የጅቡቲ ተሳቢ እያየ ላደገ የአዳማ ልጅ ይሄ አይነገረውም።

እሱ፦ ልክ ነሽ። ድልድዩ አጠገብ ያለችው ከተማ ሰው ግን ሌላም ወሬ አለው። ከአደጋው በፊት ክንፍ ያለው፣ ዓይኑ ቀይ የሆነ ፍጡር አየን ያሉ ነበሩ። ሞዝማን ይሉታል። ሐውልት ሁሉ አቁመውለታል!

እሷ፦ አይፈረድባቸውም። ይህን ሁሉ ሰው የጨረሰ 2.5 ሚሊ ሜትር ነው ከሚሉህ፣ ጭራቅ ነው ቢሉህ ይቀልሃል።

እሱ፦ ከዚያ በኋላ ነው መንግሥት የነቃው። በዓመቱ ሕግ ወጣ፣ በፈረንጆቹ 1971 ደግሞ ለመላ አገሪቱ የድልድይ ፍተሻ ደንብ መጣ። ከዚያ በፊት አንድ ወጥ የሆነ አልነበራቸውም።

እሷ፦ ሰው ካላለቀ ደንብ አይወጣም። እዚያም ያው ነው።

እሱ፦ ደግሞ መንትያ ነበረው። ሴንት ሜሪስ የምትባል ከተማ ጋ፣ እዚያው ኦሃዮ ወንዝ ላይ፣ በዚሁ ዓይነት ዘንግ የተንጠለጠለ። ሲልቨር ሲወድቅ እሱንም ዘጉት።

እሷ፦ ጠግነው ከፈቱት?

እሱ፦ ውስጡን ማየት ካልተቻለ ደህና ነው ብሎ ማን ይፈርማል? በ1971 አፈረሱት።