በጥቂቱ ያገለገለ የስፖርት ጎማ መግዛት መቼ ያዋጣል?

[ምስል፦ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ጎማዎች]

እነዚህን ሁለት ጎማዎች ተመልከቱ። የአንድ ፋብሪካ፣ የአንድ ሞዴልና የአንድ ልክ ጎማዎች ናቸው። በግራ በኩል ያለው ገና ያልተገጠመ አዲስ ጎማ ሲሆን የጥርሱ ጥልቀት 8 ሚሊ ሜትር ነው። በቀኝ በኩል ያለው ከሌላ መኪና ላይ የወረደ ነው፤ ጥርሱ 6 ሚሊ ሜትር ሲሆን ዋጋው ከአዲሱ በ40 በመቶ ያንሳል። ሻጩ «ሦስት አራተኛው ገና አልተነካም፤ የምትከፍሉት ግን 60 በመቶውን ብቻ ነው» ቢል ቁጥሩን አልዋሸም። ይሁን እንጂ ይህ ስሌት ጥርሱ ተፍቆ እስኪያልቅ ድረስ የሚያገለግል አስመስሎ ያቀርባል፤ የላስቲኩን ዕድሜና ያሳለፈውንም ጭራሽ አይቆጥርም። ያገለገለ የስፖርት ጎማ የሚገዛ ሰው ሊመረምር የሚገባው እነዚህን የተዘለሉትን ነገሮች ነው።

የስፖርት ጎማ የሚባለው መንገድን አጥብቆ እንዲይዝ ከለስላሳ ላስቲክ የተሠራ፣ ጎኑ አጭርና ጠንካራ በመሆኑ መሪው ሲዞር ሳይዘገይ የሚታዘዝ፣ በከፍተኛ ፍጥነት የሚፈጠረውንም ሙቀት እንዲቋቋም ታስቦ የተዘጋጀ ጎማ ነው። በጎኑ ላይ ለምሳሌ 225/45 አር 17 94 ደብልዩ የሚል ጽሑፍ ብታገኙ፣ 225 ስፋቱ በሚሊ ሜትር፣ 45 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ አንጻር በመቶኛ፣ አር የውስጥ ክሮቹ በራዲያል አሠራር (ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው በቀጥታ) የተደረደሩ መሆናቸው፣ 17 ደግሞ የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። 94 ጎማው 670 ኪሎ ግራም መሸከም እንደሚችል፣ ደብልዩ ደግሞ በሰዓት እስከ 270 ኪሎ ሜትር ለሚደርስ ፍጥነት መሠራቱን ያመለክታሉ፤ ቪ ቢሆን 240፣ ዋይ ቢሆን 300 ነበር። በዚህ ፍጥነት የሚነዳ ሰው ጥቂት ቢሆንም ፊደሉ የጎማውን ሙቀት የመቋቋም አቅም ጭምር የሚናገር በመሆኑ፣ የመኪናው አምራች ካዘዘው ያነሰ የጭነት ቁጥር ወይም የፍጥነት ፊደል ያለውን ጎማ ርካሽ ስለሆነ ብቻ መግዛት ተገቢ አይደለም።

ልስላሴው ዋጋ ያስከፍላል። በአሜሪካ የጎማ ደረጃ አሰጣጥ የመበላት ፍጥነትን የሚያሳይ ቁጥር በጎማው ጎን ይታተማል፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ጎማው ቀስ ብሎ ይበላል። ለረጅም ጉዞ የሚሠሩ ተራ ጎማዎች 500 እና ከዚያ በላይ ሲጻፍባቸው ብዙ የስፖርት ጎማዎች በ200 እና በ300 አካባቢ ይገኛሉ። ስለዚህ ከስፖርት ጎማ ላይ የጎደለ 2 ሚሊ ሜትር በተራ ጎማ ላይ ከጎደለው ጋር እኩል አይታይም፤ የቀረውም ቢሆን ቶሎ ያልቃል።

[ምስል፦ የጥርስ መለኪያ በጎማው ቦይ ውስጥ ሲገባ]

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። በብዙ አገሮች ሕግ የሚፈቅደው ዝቅተኛው የጥርስ ጥልቀት 1.6 ሚሊ ሜትር ነው፤ በቦዮቹ ውስጥ በየተወሰነ ርቀት ከፍ ብለው የሚታዩት ትናንሽ የላስቲክ እብጠቶችም ይህንኑ ልክ ያመለክታሉ። ነገር ግን ጥርሱ ከ3 ሚሊ ሜትር በታች ሲወርድ ቦዮቹ ውሃ የማስወገድ አቅማቸው ስለሚዳከም፣ መኪናው በእርጥብ መንገድ ላይ ፍሬን ሲያዝ የሚቆምበት ርቀት ይረዝማል፤ ሰፊ ጎማ ደግሞ ከጠባቡ ይልቅ በውሃ ላይ ለመንሳፈፍ ይቀርባል። ስለዚህ ጥንቁቅ አሽከርካሪ ጎማውን 3 ሚሊ ሜትር ላይ ይቀይራል ብለን እናስብ። አዲሱ 8 ሚሊ ሜትር ስላለው የሚጠቅመው 5 ነው። ያገለገለው 6 ስላለው የሚጠቅመው 3 ነው። ሦስት አራተኛ ተብሎ የቀረበው ጎማ እንግዲህ 60 በመቶ ብቻ ሆነ፤ የተጠየቀውም ዋጋ 60 በመቶ ነው፤ ቅናሽ የሚባል ነገር የለም ማለት ነው።

ሒሳቡ በዚህ አያበቃም። ጎማውን ለማስገጠምና ባላንስ ለማሠራት የሚከፈለው ገንዘብ ለአዲሱም ላገለገለውም ያው ነው። የአዲሱን ዋጋ 100፣ የማስገጠሚያውን 10 ብንል፣ አዲሱ 110 ወጥቶበት 5 ሚሊ ሜትር ያገለግላል፤ ለእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር 22 ከፈልን ማለት ነው። ያገለገለው 70 ወጥቶበት 3 ሚሊ ሜትር ስለሚያገለግል ለእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ከ23 በላይ ይወጣበታል። ርካሽ የመሰለው ጎማ ተወደደ። ዋጋው ወደ 50 ቢወርድ ለሚሊ ሜትር 20 ይሆናል፤ ይህም ቢሆን ዋስትና ለሌለው ዕቃ የሚያጓጓ ቅናሽ አይደለም። በእኔ ግምት ቅናሹ ቁም ነገር የሚሆነው ዋጋው ወደ 40 ሲጠጋ ነው። የራሳችሁን ቁጥሮች በዚሁ መንገድ አስሉ፤ አዲስ ሳለ የጥርሱ ጥልቀት ስንት እንደነበረ ግን ከአምራቹ መረጃ አረጋግጡ፤ ለውድድር ሜዳ የቀረቡ አንዳንድ ጎማዎች ከፋብሪካ ሲወጡም ጥርሳቸው ከ8 ሚሊ ሜትር ያነሰ ነውና።

ከጥልቀቱ ቀጥሎ የሚመጣው ዕድሜ ነው፤ ብዙ ገዢ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ላስቲክ መኪናው ቆሞም ቢሆን ያረጃል። በአየር ውስጥ ያለው ኦክስጅንና ኦዞን፣ የፀሐይ ብርሃንና ሙቀት ላስቲኩን ቀስ በቀስ ያደርቁታል፤ ልስላሴው ይጠፋል፣ በጎኑና በጥርሶቹ መካከልም ቀጫጭን ስንጥቆች ይወጣሉ። ጎማውን ከዚህ የሚከላከለው በላስቲኩ ውስጥ የተቀላቀለ ሰም ሲሆን፣ ሰሙ ወደ ገጹ የሚወጣው ጎማው ሲሽከረከርና ሲተጣጠፍ ነው። በዚህም ምክንያት ለዓመታት ጋራዥ ውስጥ የቆመ መኪና ጎማ ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ሳለ ላስቲኩ ሊደርቅ ይችላል።

[ምስል፦ በጎማው ጎን ላይ ያለው የምርት ቁጥር፣ የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች ጎልተው]

ዕድሜውን ለማወቅ ዲ.ኦ.ቲ ከሚሉት ፊደላት ቀጥሎ የሚገኘውን ረጅም ቁጥር ፈልጉ። የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች ጎማው የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 2319 ማለት በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ዓመቱ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተጻፈ መሆኑን አትርሱ። አራቱ አኃዞች ብዙ ጊዜ በጎማው አንድ ጎን ላይ ብቻ ስለሚታተሙ፣ በውጭ በኩል ካላገኛችኋቸው በውስጥ በኩል ፈልጓቸው። ሦስት አኃዝ ብቻ ካገኛችሁ ጎማው ከ2000 በፊት የተሠራ ነውና አትግዙት። በርካታ የመኪና አምራቾች ጥርሱ ምንም ቢቀር ጎማ በስድስት ዓመቱ እንዲቀየር ይመክራሉ፤ ታዋቂ የጎማ ፋብሪካዎች ደግሞ 10 ዓመትን የመጨረሻ ገደብ ያደርጋሉ። ለስፖርት ጎማ እኔ ከዚህ የጠበቀ ገደብ እወስዳለሁ፤ የሚገዛው ለላስቲኩ ልስላሴ ስለሆነ አራት ዓመት ያለፈውን ጎማ «በጥቂቱ ያገለገለ» ብዬ አልጠራውም።

በ2013 ኖቬምበር ላይ የፊልም ተዋናዩ ፖል ዎከር በካሊፎርኒያ የሞተበትን የፖርሽ ካሬራ ጂቲ አደጋ ብዙዎቻችሁ ታስታውሱ ይሆናል። መርማሪዎች የአደጋው ምክንያት ከልክ ያለፈ ፍጥነት መሆኑን ገልጸው፣ የመኪናው ጎማዎች የዘጠኝ ዓመት ዕድሜ እንደነበራቸውና ይህም የመኪናውን አያያዝ ሊያበላሽ እንደሚችል አመልክተዋል። በዓለም ካሉት ኃይለኛ መኪናዎች በአንዱ ላይ ያረጀ ጎማ መገኘቱ፣ ጉዳዩ የገንዘብ እጥረት ብቻ አለመሆኑን ያሳያል፤ ቁጥሩን የሚያነብ ሰው መጥፋቱም ጭምር ነው።

ከዕድሜ ጋር ተያይዞ የሚመጣ፣ በስፖርት ጎማ ላይ ግን ለብቻው ሊታይ የሚገባው ነገር የሙቀት ዑደት ነው። ጎማ በኃይል ሲነዳ ይግላል፤ ሲቆም ይቀዘቅዛል። በውድድር ሜዳ ላይ ይህ በአንድ ቀን ብዙ ጊዜ ሊደጋገም ይችላል፤ በእያንዳንዱም ዙር ላስቲኩ ትንሽ ይጠነክራል። እንዲህ ያለ ጎማ ዕድሜው አንድ ዓመት፣ ጥርሱም 6 ሚሊ ሜትር ሊሆን ይችላል፤ መንገድ የመያዝ ችሎታው ግን ከአዲሱ በእጅጉ ያነሰ ነው። ምልክቱን በትከሻው (ጥርሱ ከጎኑ ጋር በሚገናኝበት ጠርዝ) ላይ ታገኙታላችሁ፦ ላስቲኩ ተልጦ የተንከባለለ ይመስላል፣ ሻካራ ይሆናል፣ አንዳንድ ጊዜም በሙቀት ቀለሙ ወደ ሰማያዊ ያደላል። የላስቲክ ጥንካሬን የሚለካ ዱሮሜትር የሚባል ትንሽ መሣሪያ አለ፤ ያገለገለውን ከተመሳሳይ አዲስ ጎማ ጋር በአንድ ዓይነት የአየር ሙቀት አነጻጽሮ መለካት ከዓይን ግምት ይሻላል።

[ምስል፦ ከቸርኬው የወረደ ጎማ ውስጡ በመብራት ሲታይ]

ጎማውን ከቸርኬው ወርዶ ካላያችሁት ግማሹን አላያችሁም። ምስማር የወጋው ጎማ ሊጠገን የሚችለው ቀዳዳው በጥርሱ መካከለኛ ክፍል ላይ ሲሆንና ስፋቱ ከ6 ሚሊ ሜትር ሳይበልጥ ነው፤ ጥገናውም ከውስጥ በኩል በመለጠፍና ቀዳዳውን በላስቲክ በመሙላት መከናወን አለበት። በትከሻውና በጎኑ ላይ የተደረገ ጥገና ተቀባይነት የለውም፤ ምክንያቱም እነዚህ ክፍሎች በእያንዳንዱ ዙር ይታጠፋሉ። በትክክል ተጠግኖ እንኳ ቢሆን አንዳንድ አምራቾች የጎማው የፍጥነት ደረጃ ከጥገና በኋላ እንደማይጸና ይናገራሉ፤ ስለዚህ ለከፍተኛ ፍጥነት የሚገዛ ጎማ የተጠገነ ከሆነ እንዳትገዙት እመክራለሁ።

ከጥገናው የበለጠ የሚያስፈራኝ አየሩ ወጥቶ የተነዳ ጎማ ነው። አየር ሳይኖረው ወይም አንሶት ሲነዳ ጎኑ በራሱ ላይ ተጨፍልቆ ውስጡ ይፋቃል፤ በውስጠኛው ጎን ዙሪያውን የሚዞር የተሸበሸበ ወይም የጠቆረ ቀለበት፣ አንዳንዴም የላስቲክ ብናኝ ይገኛል። ከውጭ ግን ምንም ላይታይ ይችላል። አየር ወጥቶም እንዲሄዱ ጎናቸው የተጠናከረ ጎማዎች ይህን ጉዳት ይበልጥ ይደብቃሉ፤ እንዲህ ያሉትን ያገለገሉ ጎማዎች ፈጽሞ አልገዛም። ጎኑ ላይ እንደ እንቁላል ያበጠ ቦታ ካለ ደግሞ የውስጥ ክሮቹ ጉድጓድ ወይም የመንገድ ጠርዝ መትቷቸው ተበጥሰዋል፤ ይህ መጠገኛ የለውም።

አበላሉም የቀድሞውን መኪና ጠባይ ይናገራል። መሐሉ ብቻ የተበላ ጎማ አየሩ በዝቶ፣ ሁለቱ ጠርዞቹ የተበሉ ደግሞ አንሶ ሲነዳ የኖረ ነው፤ የውስጥ ጠርዙ ብቻ ያለቀ ከሆነ የመኪናው አላይመንት (የጎማዎቹ አቀማመጥ ማዕዘን) የተዛባ ነበር። ስለዚህ ጥልቀቱን በአንድ ቦታ ለክታችሁ አትመለሱ፤ ከውስጥ፣ ከመሐልና ከውጭ፣ በዙሪያውም በሦስት ቦታ ለኩ፣ ለሒሳባችሁም ትንሹን ቁጥር ውሰዱ።

ጎማዎቹ እርስ በርሳቸውና ከመኪናችሁ ጋር መስማማት አለባቸው። በአንድ አክስል ላይ የሚገጠሙ ሁለት ጎማዎች ሞዴላቸውም ጥልቀታቸውም አንድ ይሁን። አንዳንድ ጎማዎች በፋብሪካ ለተወሰነ መኪና ተስተካክለው የሚሠሩ ሲሆን ምልክት ይደረግባቸዋል፤ ፖርሽ ኤን ከቁጥር ጋር፣ ቢ.ኤም.ደብልዩ ኮከብ፣ መርሴዲስ ኤም.ኦ ይጠቀማሉ። ስሙ አንድ የሆነ ጎማ ምልክቱ ቢለያይ አሠራሩም ሊለያይ ስለሚችል መቀላቀል አይገባም። በአራቱም ጎማ የሚነዳ መኪና ካላችሁ ጥንቃቄው ይጨምራል፤ ጥልቀታቸው የተለያየ ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት ስለሚዞሩ ኃይል የሚያከፋፍለውን ማርሽ ያደክማሉ፣ የሚፈቀደውንም ልዩነት የመኪናው መመሪያ ይነግራችኋል። ሁለት ብቻ ከገዛችሁ፣ የፊትና የኋላው ልክ አንድ እስከሆነ ድረስ፣ ጥርሳቸው የተሻለውን ከኋላ አስገጥሙ፤ በእርጥብ መንገድ ላይ የኋላው ቀድሞ ከተንሸራተተ መኪናው ይሽከረከራልና።

እንግዲህ የትኛውን ያገለገለ የስፖርት ጎማ እገዛለሁ? አዲስ መኪና የገዛ ሰው ቸርኬውን ለመለወጥ ሲል በጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር ያወረዳቸውን አራት ጎማዎች እገዛለሁ፤ ዕድሜያቸው ከመኪናው ዕድሜ ጋር ይመሳከራል፣ ባለቤቱም የት እንደነዳቸው ሊናገር ይችላል። መነሻቸው የማይታወቅ፣ የምርት ቀናቸው የተለያየ ወይም «ወርዶ ይታይ» ሲባል ሻጩ የሚያንገራግርባቸውን ጎማዎች ግን በምንም ቅናሽ አልወስድም። በዚያው ገንዘብ ደረጃው አንድ እርከን ዝቅ ያለ አዲስ ጎማ ብትገዙ፣ በደረቅ መንገድ ላይ ትንሽ ብታጡም ስለ ውስጡ ሳትጨነቁ ትነዳላችሁ። የምትኖሩት የአየሩ ሙቀት ብዙ ጊዜ ከ7 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች በሚወርድበት ቦታ ከሆነ ደግሞ፣ ለሞቃት አየር የተሠራ የስፖርት ላስቲክ በብርድ ስለሚጠነክር፣ አዲስም ሆነ ያገለገለ አይበጃችሁም።

[ምስል፦ የአየር መለኪያ ከተገጠመ ጎማ ጋር]

ገዝታችሁ ካስገጠማችሁ በኋላ በማግስቱ ጠዋት፣ መኪናው ሳይንቀሳቀስ፣ የአራቱንም ጎማዎች አየር ለክታችሁ ጻፉ። ከሳምንት በኋላ በተመሳሳይ ሰዓት እንደገና ለኩ። ከሌሎቹ ይልቅ የቀነሰ ጎማ ካለ አየር ጨምራችሁበት አትለፉት፤ ጎሚስታው ከቸርኬው አውርዶ ከውስጥም ከጠርዙም እንዲያየው አድርጉ፤ ምክንያቱም ጎማውን ለሻጩ ለመመለስ የሚያስችል ስምምነት ካላችሁ ጊዜው የሚያልፍባችሁ በእነዚህ ቀናት ነው።