የበረኛው እግር

እሺ... ቀረጻ ገባን። አውራ ዶሮው ዛሬም ከጀርባ እየጮኸ አብሮን ነው፤ ታውቁታላችሁ፣ አላባርረውም።

ስለ እሁዱ ሪጎሬ ላውራ። ከውስጤ አልወጣም።

ለገጣፎ፣ ያው ሜዳችን። መስመሩን ጠዋት በአመድ አስምረነዋል፤ ረፋድ ላይ ግን ግቡ አፍ ላይ ያለው በልጆቹ እግር ተጠርጎ አልቋል። ዳኛው እኔ ብቻ ነኝ። ልጁ ተንደርድሮ መታ፣ በረኛው በግራው ተወርውሮ አወጣት። እንዴት ያለ ማዳን! ሰዉ ጮኸ። እኔ ፊሽካ ነፋሁ። «ይደገም፣ ከመስመሩ ወጥተሃል።» ተደገመ፣ ገባ።

እዚህ ጋ ቆዩልኝ። ኳሷ ስትመታ እኔ የማየው የመቺውን እግር ነው፣ አይደል? በረኛውን ያየሁት በዓይኔ ጠርዝ ነው። ኮንጎ ጫማ፣ ቀይ ካልሲ፣ ተረከዙ ጋ የተቀደደ። ቀዳዳውን አይቻለሁ እኮ! ግን መቼ? ከመመታቷ በፊት ነው ከተመታች በኋላ?

ሕጉ እኮ እ.ኤ.አ. በ2019 ለበረኛ ላላ ብሏል። ኳሷ ስትመታ የአንድ እግሩ ትንሽ ክፍል መስመሩ ላይ ካለ ይበቃዋል። በዚያው ዓመት በሴቶች ዓለም ዋንጫ የስኮትላንዷ በረኛ የአርጀንቲናን ሪጎሬ አዳነች፤ በቪዲዮ ታይቶ ተደገመ፣ 3 ለ 3 አለቀ፣ 3 ለ 0 ሲመሩ የነበሩት ስኮትላንዶች ወደ ቤታቸው። ያሳዝናል። ግን እዚያ ቪዲዮ አለ።

ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ የቤዝቦል ሕግ ሳነብ አደርኩ። እዚያ ኳሷን በዱላ የሚመታው መቺ የሚቆምበት በኖራ የተሰመረ ሳጥን አለው፤ ኳሷን ሲመታ አንድ እግሩ ሙሉ በሙሉ ከሳጥኑ ውጭ መሬት ከረገጠ ተቀጥቶ ይወጣል። መስመሩን ከነካ ግን ውስጥ ነው። ኖራውም በመቺዎቹ እግር ይጠፋል፣ እንደኛ አመድ። ዳኛው ደግሞ ዓይኑ የምትበረው ኳስ ላይ ነው። እግሩንም ኳሷንም እኩል ማየት... አንድ ሰው ስንት ዓይን አለው? እና ያ ዳኛ በእርግጥ ካላየ ዝም ይላል? እኔስ ዝም ማለት ነበረብኝ? አላውቅም። አንዳንዴ በረኛው ከመስመሩ መውጣቱ እውነት ይመስለኛል።

ካለቀ በኋላ በረኛው ልጅ መጣ። አላለቀሰም። የሱፍ ጓንቱን እያወለቀ «ጋሼ፣ እግሬን አይተውታል?» አለኝ።

«አዎ» አልኩት። ወዲያው፣ ሳላስብ። እሱም አመነኝ፤ ራሱን ነቀነቀና ሄደ።

ቢከራከረኝ ይሻል ነበር። ለመጪው እሁድ ቀድሜ ሄጄ... ጠርቼው... እሺ፣ ከዚያ ምን ብዬ ነው የምጀምርለት?