60 መጻሕፍት ለምን?

ውድ የቤተ መጻሕፍት ሙያ ሠልጣኞች፣

የልጆች ሥነ ጽሑፍ ኮርስ የንባብ ዝርዝር ትናንት ደርሷችኋል። በአንድ መንፈቀ ዓመት 60 መጻሕፍት። ከኋላ ወንበር «ይህን ሁሉ ማን ይጨርሰዋል?» የሚል ድምፅ ሰምቻለሁ። ዛሬ የቆምኩት ዝርዝሩን ላሳጥርላችሁ አይደለም፤ ለምን እንደረዘመ ልንገራችሁ።

ሥራ በጀመርኩበት ዓመት አንዲት ልጅ መጥታ «የሚያስቅ መጽሐፍ ይስጡኝ» አለችኝ። ሽፋኑ ላይ የሚስቅ አህያ የተሳለበትን አንሥቼ ሰጠኋት። በማግስቱ ዐይኗ አብጦ መለሰችው። አህያው መጨረሻው ላይ ይሞታል። «እርስዎ አንብበውታል?» ስትለኝ መልስ አጣሁ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ሳምንታት ወደ ጠረጴዛዬ አልመጣችም።

የቤተ መጻሕፍት ሙያ ሊቁ ራንጋናታን እ.ኤ.አ. በ1931 ካሳተማቸው አምስት ሕግጋት ሁለቱ «ለእያንዳንዱ አንባቢ መጽሐፉ፣ ለእያንዳንዱ መጽሐፍ አንባቢው» ይላሉ። ካታሎግ የመጽሐፉን ርእስና ቦታ ይነግራችኋል። አህያው እንደሚሞት ግን አይነግራችሁም።

ቅሬታችሁ ሁሉ መሠረት የለውም አልልም። 300 ገጽ ያለው ልብ ወለድም፣ 32 ገጽ ያለው የሥዕል መጽሐፍም እኩል «አንድ» ተብሎ መቆጠሩ ሚዛን የለውም፤ እኔም በተማሪነቴ ቀጫጭኑን እየመረጥኩ ቁጥር ሞልቻለሁ። የተጎዳሁት ግን እዚያው ነው። የሥዕል መጽሐፍ በአምስት ደቂቃ ያልቃል፤ ተነበበ ማለት ግን አይደለም። ጽሑፉ «ልጁ ደስ ብሎት ተኛ» ሲል ሥዕሉ በአልጋው ሥር የተደበቀውን ሰባራ ብርጭቆ ያሳያል። ማንበብ ያልጀመረ ሕፃን ብርጭቆውን ወዲያው ያየዋል፤ ፊደል የምናሳድደው እኛ እናልፈዋለን። ስለዚህ ሦስት ጊዜ አንብቡት፦ መጀመሪያ ጽሑፉን ሸፍናችሁ ሥዕሉን ብቻ፣ ቀጥሎ ሁለቱን አንድ ላይ፣ በመጨረሻ ጮክ ብላችሁ። ምላሳችሁን የሚያደናቅፍ ዐረፍተ ነገር ሠላሳ ሕፃናት ፊት ከሚያጋጥማችሁ ቤታችሁ ቢያጋጥማችሁ ይሻላል።

የማትወዱትንም ታነባላችሁ፤ ኮሚኩን፣ ግጥሙን፣ የድራጎኑን ተረት። ልጆቹ የእናንተን ምርጫ የመውረስ ግዴታ የለባቸውም። የዕውቀት መጻሕፍትን ስታነቡ ደግሞ የኅትመት ዓመቱን ተመልከቱ፤ ፕሉቶ እ.ኤ.አ. በ2006 ከፕላኔቶች ተርታ ወጥታለች፣ «ዘጠኝ ፕላኔቶች» የሚለው መጽሐፍ ግን እስካሁን መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ልጅ ይጠብቃል።

የንባብ መዝገባችሁ ላይ የታሪኩን ጭምቅ ሐሳብ አልፈልግም፤ እርሱን ከጀርባ ሽፋኑ መገልበጥ ይቻላል። መጽሐፉን ለየትኛው ልጅ እንደምትሰጡ፣ ለየትኛው እንደማትሰጡ፣ አንድ ወላጅ ተቆጥቶ ቢመጣ ምን እንደምትመልሱ ጻፉ። ሦስት መስመር ይበቃል።

ለማክሰኞ እያንዳንዳችሁ አንድ የሥዕል መጽሐፍ ይዛችሁ ኑ። ጮክ ብለን እናነባለን፤ ከኋላ ወንበር እንጀምራለን።