የሚጮኽ ፋንና የሽቦ ፊውዝ፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በዛሬው የመኪና ክፍላችን በደሴ የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ስለ ሂተርና ኤሲ ፋን ድምፅ የደወላችሁ አድማጮችን ጥያቄ ይመልሳሉ።

ከደሴ ፒያሳ፦ ጋሼ፣ በፈረንጅ 1996 የተሠራች ቶዮታ ሴሊካ አለችኝ። ጠዋት ሂተሩን ስከፍት ፋኑ ሲጥ ሲጥ ይላል፤ ትንሽ ቆይቶ ይተወዋል። ሊሞት ነው?

አብሽር ወንድሜ። ጠዋት ጮኾ ሲሞቅ ዝም የሚል ፋን አብዛኛውን ጊዜ ዘንጉ የሚዞርበት ቦኮላ ደርቆበት ነው። የደሴ ብርድ ደግሞ የቀረችውን ቅባት ያጠጥራታል። መጀመሪያ ግን የፋኑ ድምፅ መሆኑን አረጋግጥ። ሞተሩን ሳታስነሳ ቁልፉን ብቻ ክፈትና ፋኑን ከ1 ጀምረህ አንድ በአንድ ጨምር። ድምፁ ከፍጥነቱ ጋር አብሮ ከጨመረ ፋኑ ነው። ቀጥለህ አየር ማስገቢያውን ከውጭ ወደ ውስጥ ቀይረው። ያኔ ብቻ ጠቅ ጠቅ ካለ፣ ያረጀችው የአየር መዝጊያዋን የምታንቀሳቅሰው ትንሽ ጥርስ ናት። ኩርባ ላይ ብቻ የሚንኳኳ ከሆነ ደግሞ ውስጡ ባዕድ ነገር ገብቷል።

ፋኑ ያለው ጋቢና የሚቀመጠው ሰው ጉልበት ፊት ለፊት፣ ከመሳቢያው በስተኋላ ነው። ከመንካትህ በፊት የባትሪውን ኔጌቲቭ ሞርሴቶ (የሽቦውን ማሰሪያ) ፍታና ከ90 ሰከንድ በላይ ጠብቅ። መኪናዋ ኤርባግ ካላት ቢጫ ሽፋን ያለውን ሽቦ አትነካካ። አውርደህ በእጅህ ስታዞረው ያለ ድምፅ መዞር አለበት። ዘንጉን ወደ ጎን ስትገፋው የሚላወስ ከሆነ ቦኮላው ተበልቷል፤ ይቀየር። እስከዚያው ፊውዙ ቢቃጠል በሽቦ እንዳትተካው፣ አደራ።

ከሐይቅ፦ ፋኑን ዘግቼውም ይጮኻል፤ ነዳጅ ስሰጥ ይብስበታል።

ፋኑ አይደለም እህቴ። ሞተሩ የሚያዞረውን ቀበቶ፣ ቺንጋውን አሳዪው።

ከኩታበር፦ መኪናዬን የማሳድራት ባህር ዛፍ ሥር ነው። ፋኑ በ1 ደህና ነው፤ በ4 ዳሽቦርዱን ሁሉ ያርገበግበዋል።

ሸጋ ጥያቄ ነው፤ መልሱንም ራስህ ነግረኸኛል። የድሮ መኪኖች ብዙዎቹ የጋቢና አየር ማጣሪያ የላቸውም። ከፓራብሬዛው ግርጌ ባለው ፍርግርግ የገባ ቅጠል ቁልቁል ወርዶ ከበሮ መሳዩ ፋን ውስጥ ይቀራል። አንዲት የባህር ዛፍ ፍሬ በቀጫጭን ክንፎቹ መሀል ከተሰካች ፋኑ ሚዛኑን ይስታል። አውርደህ በለስላሳ ብሩሽ አጽዳው፤ ክንፍ እንዳትሰብር። የአይጥ ጎጆ ካገኘህ አፍና አፍንጫህን ሳትሸፍን አትንካው፤ አይጥ የበላችው ሽቦ ካለም አብረህ አሳይ። መኪናዋንም ከዛፉ ሥር አንሳት።

ከኮምቦልቻ፦ ፋኑ እየጮኸ ፊውዙ ደጋግሞ ተቃጠለብኝ። አንድ ልጅ የመዳብ ሽቦ ጠምጥሞበት አሁን አይቃጠልም፤ ብቻ ላስቲክ ላስቲክ ይሸታል።

ሐጂ፣ መኪናው ውስጥ ሆነው የሚሰሙኝ ከሆነ ፋኑን አሁኑኑ ያጥፉት። ሽቦውንም ያስወጡት፤ ለነገ አይበሉ። ይህን በየጊዜው የምጮኸው ልጆቻችሁን ጭናችሁ ስለምትሄዱ ነው። ፊውዙ ደጋግሞ የተቃጠለው ፊውዙ ስለተበላሸ አይደለም። ቦኮላው የደረቀ ፋን ለመዞር ሲታገል ከልኩ በላይ ኤሌክትሪክ ይስባል። ፊውዙም ሽቦው ከመጋሉ በፊት ቀድሞ ይበጠሳል፤ የተሠራው ለዚህ ነው። መዳብ ሲጠመጠምበት ያ የሚበጠስ ነገር ጠፋ። አሁን የሚግለው ከዳሽቦርዱ ኋላ ያለው ሽቦ ነው፤ የሚሸትዎትም የእሱ ሽፋን ነው። ሽፋኑ ቀልጦ ሽቦ ከሽቦ ከተነካካ እሳቱ የሚነሳው ዓይን በማያየው፣ እጅ በማይደርስበት ቦታ ነው። የሐረጎን ቁልቁለት እየወረዱ፣ ከኋላ ሲኖትራክ እየተከተለዎት ዳሽቦርዱ ቢጨስ የት ይቆማሉ?

ፊውዝ ላይ የሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት የምትጠቀልሉም፣ የ15 አምፔሩን ቦታ በ30 አምፔር ፊውዝ የምትተኩም ሥራችሁ ያው ነው። በፊውዝ ሣጥኑ ክዳን ላይ የተጻፈው ቁጥር ብቻ ይገባል። ደግሞ ከተቃጠለ ፋኑ ይታይ። ሐጂ፣ እርስዎ ፋኑን ብቻ ሳይሆን መስመሩን በሙሉ ያስፈትሹ፤ የቀለጠ ሽቦ በፕላስተር ተሸፍኖ አይታለፍም።

ከወልድያ፦ በ1፣ በ2 እና በ3 አይሠራም፤ በ4 ብቻ ይነፍሳል።

የፋኑን ፍጥነት የሚቀንሰው ሪዚስተር ተቃጥሏል። 4 ላይ ኤሌክትሪኩ በሪዚስተሩ ስለማያልፍ ነው የሚሠራው። አዲስ ከማስገባትዎ በፊት ግን ፋኑ ከብዶት እንዳይሆን ያስዩት፤ ሪዚስተሩን የሚያቀዘቅዘው የፋኑ ንፋስ ስለሆነ ዘገምተኛ ፋን አዲሱንም ያቃጥለዋል። በቀጥታ ሽቦ ማገናኘት የለም።

ከሐርቡ፦ የሞተር ዘይት ባንጠባጥብበትስ?

አይሆንም ልጄ። ለጥቂት ቀን ዝም ይልልሃል፤ ከዚያ ዘይቱ አቧራ ይሰበስባል፣ ለፋኑ ሞተር ኤሌክትሪክ የሚያቀብለውን ካርቦንም ያበላሻል። ደብሊው ዲ 40 የሚነፉበትም አሉ፤ እሱ የቀረችውን ቅባት አጥቦ ያወርዳታል።

ከደሴ ሰኞ ገበያ፦ ፋኑን ስከፍት ጣፋጭ ሽታ ይመጣል፤ ፓራብሬዛው በቅባት ነገር ይደበዝዛል፤ የጋቢናው ምንጣፍም ይረጥባል።

እትዬ፣ ይህ የፋን ጉዳይ አይደለም። ከዳሽቦርዱ ሥር ያለው የሂተሩ ትንሽ ራዲያተር አንቲፍሪዝ እያፈሰሰ ነው። ሞተሩ ውሃ ጨርሶ ሊግል ይችላል፤ በጉምም መንገዱን አያዩበትም። ዛሬውኑ ራዲያተር ሠሪ ጋር ይውሰዱት።