መጀመሪያ ቦታው፣ ከዚያ ተክሉ

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣ አትክልት ወዳጆች፣ እንደምን ዋላችሁ? ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

የቤት ግቢ አትክልት ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ችግኝ መሸጫ ቦታ ላይ ነው። ያበበ ተክል እናያለን። ዓይናችን እዚያው ይቀራል። ገዝተን እንመጣና ችግኙን ይዘን "የት ልትከለው?" እያልን ግቢውን እንዞራለን። ዛሬ የምለምናችሁ ይህን ቅደም ተከተል እንድትገለብጡት ነው። መጀመሪያ ቦታችሁን እወቁ። ተክሉን የሚመርጥላችሁ ቦታው ነው።

ከፀሐይ እንጀምር። ቤት በምትውሉበት ቀን ጠዋት፣ እኩለ ቀንና ከሰዓት ብቅ እያላችሁ ብርሃኑ የት እንደሚያርፍ ወረቀት ላይ ንደፉ። በቀን ለ6 ሰዓትና ከዚያ በላይ ቀጥተኛ ፀሐይ የሚያገኝ ጥግ ላይ ጽጌረዳ፣ ላቬንደር፣ ሮዝመሪና ቡጋንቪላ ደስ ብሏቸው ያድጋሉ። ጥላ የሚበዛበት ጥግ ደግሞ አበባ ለማያወጣው ቅጠላማ ተክል ለፈርን ይሆናል። እዚያ ጽጌረዳ ብትተክሉ ቅርንጫፉ ብርሃን ፍለጋ ይመዘዛል፣ አበባው ይሳሳል፣ ቅጠሉም በበሽታ ይጠቃል። የጎደለው ብርሃን ስለሆነ ማዳበሪያ ቢጨመርለትም አይድንም። የጠዋትና የከሰዓት ፀሐይም ይለያያሉ። ሃይድራንጃ የጠዋቱን ትወዳለች፤ የከሰዓቱ ሲበረታባት ግን ቅጠሏ ይጠወልጋል።

ቀጥሎ አፈር። 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ጉድጓድ ቆፍሩና ውሃ ሙሉበት። ሰርጎ ሲያልቅ እንደገና ሙሉትና በአንድ ሰዓት ምን ያህል እንደወረደ ለኩ። ከ2 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ከወረደ ለአብዛኞቹ ተክሎች ጥሩ ነው። ከዚያ ካነሰ አፈሩ ውሃ ይቋጥራል፤ ላቬንደርን የመሰለ ደረቅ ወዳድ ተክል ሥሩ ይበሰብሳል። እንዲህ ባለ ቦታ ከፍ ያለ የመትከያ መደብ አዘጋጁ፣ ወይም እርጥበት የሚወደውን ባለሰፊ ቅጠል ተክል ካናን ትከሉ። ውሃው ቶሎ እልም የሚል ከሆነ አፈሩ አሸዋማ ነው፤ ኮምፖስት (ብስባሽ) በደንብ ይፈልጋል።

አሁን ወደምወደው ጉዳይ ልምጣ፤ ወደ ቅጠል። አብዛኞቹ ተክሎች የሚያብቡት በዓመት ለጥቂት ሳምንታት ነው። ቅጠላቸው ግን ለወራት፣ አንዳንዱም ዓመቱን ሙሉ አብሮን ይኖራል። ስለዚህ አንድ ተክል ስትመርጡ አበባውን በሐሳባችሁ አንሱትና የቀረውን እዩት። ቅርጹ ያምራል? ቅጠሉ ሰፊ ነው ወይስ ቀጭን? አንጸባራቂ ነው ወይስ ግራጫማ? ሰፊ የካና ቅጠል አጠገብ ቀጭን ሣር ስታቆሙ ሁለቱም ይጎላሉ። ኔዘርላንዳዊው የአትክልት ስፍራ ንድፍ አውጪ ፒት ኦዶልፍ በዚህ መንገድ በመሥራት ነው የታወቀው። በኒውዮርክ አሮጌ የባቡር ድልድይ ላይ በ2009 ለሕዝብ የተከፈተውን የሃይላይን መናፈሻ ተክሎች የመረጠው እሱ ነው። የደረቁ የአበባ ራሶችንና ሣሮችን ሳይቀር እንደ ውበት ይቆጥራቸዋል። እኔም በዚህ እስማማለሁ። አበባ ሲረግፍ ባዶ የሚሆን ግቢ ሲተከል በቂ ሐሳብ አልተሰጠውም።

ሌላው ነገር ብዛት ነው። ካያችሁት ሁሉ አንድ አንድ አትግዙ። ሃያ ዓይነት ተክል አንድ አንድ ሆኖ ሲተከል ዓይን የሚያርፍበት ያጣል። አምስት ስድስት ዓይነት ምረጡና እያንዳንዱን ሦስት ወይም አምስት አድርጋችሁ በቡድን ትከሉ። ያንኑ ቡድን ራቅ ብላችሁ ድገሙት። ከ1843 እስከ 1932 የኖረችው እንግሊዛዊት የአትክልት ስፍራ ንድፍ አውጪ ገርትሩድ ጂኪል ሥዕል ተምራ ነበር ወደ አትክልት የመጣችው። ረጃጅም ጠባብ ቡድኖችን እያጠላለፈች ትተክል ነበር። በራሷ ግቢ ባለው ትልቅ መደብ ላይ ቀይና ብርቱካናማውን መሃል፣ ሰማያዊና ግራጫውን ዳርና ዳር አድርጋለች። ቀለም የት እንደሚደምቅ፣ የት እንደሚረጋ አስባበት ነው።

ስትተክሉ ደግሞ የዛሬውን መጠን አትመልከቱ። ሁለት ሜትር የሚሰፋ ቁጥቋጦ ከግድግዳው ቢያንስ አንድ ሜትር ይራቅ። መሃሉ ባዶ ሆኖ ቅር ካላችሁ የአንድ ወቅት አበቦች ይሙሉት።

መንገድ፣ መቀመጫና ውሃ የመሳሰሉትን ስታቅዱ ከውስጥ ወደ ውጭ ተመልከቱ። ብዙ ጊዜ በየትኛው መስኮት ነው የምታዩት? መቀመጫው ከሰዓት በኋላ ጥላ ያገኛል? መንገዱ ሰው አሁን በሚሄድበት በኩል ይለፍ፤ አለበለዚያ ሣሩ ላይ ሌላ መንገድ ይፈጠራል። ሁለት ሰው ጎን ለጎን እንዲሄድ 1.2 ሜትር ስፋት ይፈልጋል። ቤቱን የሚነካ ንጣፍ ካለ በእያንዳንዱ ሜትር 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ከቤቱ ወደ ውጭ ያዘቅዝቅ፤ ዝናቡ ወደ መሠረቱ አይሄድም። የውሃ ገንዳ ከወደዳችሁ ውሃው በትንሽ ፓምፕ ይንቀሳቀስ። የቆመ ውሃ የወባ ትንኝንም ሌላውንም ትንኝ ይፈለፍላል።

አንድ ነገር ጠበቅ አድርጌ ልናገር። ቆንጆ ሁሉ ለግቢ አይሆንም። ኦሊያንደር የሚባለው ባለአበባ ቁጥቋጦ ከሥሩ እስከ አበባው መርዛማ ነው፤ ሕፃናት ባሉበት ቤት እኔ አልተክለውም። የወፍ ቆሎና እምቦጭም መነሻቸው የአሜሪካ አህጉር ነው። በውበታቸው ምክንያት ከአገር አገር ተወስደው፣ ከአትክልት ስፍራና ከገንዳ አምልጠው በብዙ አገሮች መሬትና ሐይቅ የወረሩ ናቸው። ከመግዛታችሁ በፊት ተክሉ በአካባቢያችሁ እንደ ወራሪ ይቆጠር እንደሆነ ጠይቁ።

ዛፍ ልትተክሉ ካሰባችሁ ከሁሉ አስቀድሙት፤ ከሁሉ የሚዘገየው እሱ ነው። ጥላው ወዴት እንደሚወድቅ ካወቃችሁ በኋላ ሌላውን ትወስናላችሁ። ጉድጓዱ ሥሩን ከያዘው የአፈር ጓል ሁለት ሦስት እጥፍ ይስፋ፣ ጥልቀቱ ግን ከጓሉ አይብለጥ። ግንዱ ወደ ሥር ሰፋ የሚልበት ቦታ ከአፈር በላይ ይታይ። ዙሪያውን አፈሩን ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር በደረቅ ሣር ወይም ቅጠል ጉዝጓዝ አልብሱት፤ ግንዱን ግን እንዳይነካ፣ ያበሰብሰዋል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ውሃውን ጥልቅ እስኪዘልቅ አጠጡት፤ ላይ ላዩን ሲጠጣ የኖረ ሥር ወደ ታች አይሄድም።

የግቢያችሁን ንድፍ ይዛችሁ የመጣችሁ ካላችሁ አሁን አብረን እንየው። አመሰግናለሁ።