ረጅሙ አርኤንኤ፦ ከቀዶ ጥገና ክፍል እስከ ላብራቶሪ
በጎንደር ለሐኪሞች፣ ለአዋላጆች፣ ለላብራቶሪ ባለሙያዎችና ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ ሐኪሞች፣ አዋላጅ ነርሶች፣ የፓቶሎጂና የላብራቶሪ ባልደረቦች፣ ተማሪዎቻችን፣ እንደምን ዋላችሁ።

ጎንደር እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ከተከፈተባት ጊዜ ጀምሮ የጤና ባለሙያ ስታወጣ የኖረች ከተማ ናት። ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ ያን ጊዜ ስም እንኳ አልወጣለትም ነበር።

የሰው ዲኤንኤ 3 ቢሊዮን ገደማ ፊደላት አሉት። ፕሮቲን የሚያሠሩት ጂኖች 20 ሺህ ያህል ሲሆኑ፣ ለፕሮቲን መመሪያ የሚሰጠው የዲኤንኤ ክፍል 2 በመቶ አይሞላም። ከቀረው ላይም ግን ብዙ አርኤንኤ፣ ማለትም የዲኤንኤ ቅጂ፣ ይገለበጣል። ርዝመቱ ከ200 ኑክሊዮታይድ (ፊደል) የሚበልጠውንና ፕሮቲን የማይሠራውን ረጅም ኖንኮዲንግ አርኤንኤ እንለዋለን። ገሚሱ ጂን ይዘጋል፣ ገሚሱ ፕሮቲኖችን አንድ ቦታ ያሰባስባል፣ ገሚሱም ተቆርጦ ትናንሽ አርኤንኤዎች ይወጡበታል። ከፕሮቲን ጂኖች ይልቅ በየአካሉ የሚለያዩ ናቸው። ይህ ለምርመራ ተስፋ ይሰጣል፤ ለስህተትም በር ይከፍታል።

ዛሬ አጥብቀን መናገር የምንፈልገው ይህንን ነው፦ የእነዚህ አርኤንኤዎች መጠን ስለ በሽታው ከመናገሩ በፊት ስለ ናሙናው ይናገራል። ናሙናውን ሳናውቅ ቁጥሩን ማመን የለብንም።

ኤግዚስት በተባለው ረጅም አርኤንኤ እንጀምር። በ1991 እ.ኤ.አ. የታወቀው ይህ አርኤንኤ በሴቶች ሕዋስ ውስጥ ካሉት ሁለት ኤክስ ክሮሞዞሞች አንዱን ሸፍኖ ጸጥ ያሰኘዋል። በጤነኛ ወንድ አካል ውስጥ እንብዛም አይገኝም። ስለዚህ የእንግዴ ልጅ ጥናት ለሚሠሩ ትልቅ መፈተኛ ነው። ጽንሱ ወንድ ሆኖ ናሙናው ላይ ኤግዚስት ጎልቶ ከታየ፣ የእናትየው ደም ወይም የማኅፀን ግድግዳ ሕዋስ ተቀላቅሏል ማለት ነው። ቪለሱን (የእንግዴ ልጁን ጣት መሰል ቅርንጫፎች) በቀዝቃዛ ሳላይን ደሙ እስኪለቅ አጥቦ፣ በእናት በኩል ያለውን ገጽ ትቶ፣ ከአንድ ሳይሆን ከተለያዩ ቦታዎች መውሰድ ያስፈልጋል። የወንድ ስም በተጻፈበት የዕጢ ናሙና ላይ ከታየ ደግሞ ሦስት ነገር ይጠረጠራል፦ መለያው ተቀያይሯል፣ ሰውየው ተጨማሪ ኤክስ ክሮሞዞም አለው፣ አለዚያም ዕጢው ከዘር ሕዋስ የተነሳ የዘር ፍሬ ካንሰር ነው። የዘር ፍሬ ካንሰሮች ኤግዚስትን ያበራሉና።

ከአካላችን ሁሉ እነዚህ አርኤንኤዎች በብዛትና በዓይነት የሚገኙት በዘር ፍሬ ውስጥ ነው። ብዙ ጥናት የሚሳሳተውም እዚሁ ላይ ነው። ልጅ መውለድ ካልቻለ ወንድ የተወሰደ ባዮፕሲ (ለምርመራ የተቆረጠ ሥጋ) ከጤነኛው ጋር ይነጻጸርና በመቶ የሚቆጠሩ አርኤንኤዎች «ቀንሰው» ይገኛሉ። ነገር ግን በናሙናው ውስጥ የዘር ሕዋሳቱ ራሳቸው ከሌሉ፣ የእነርሱ አርኤንኤ ከየት ይመጣል? የቀነሰው ሕዋሱ ነው። ጂኑን የዘጋ ነገር የለም። መፍትሔው ከዚያው ቁራጭ ላይ አንድ ስላይድ ማየትና የዘር ሕዋስ ምርቱ እስከ የትኛው ደረጃ እንደደረሰ መመዝገብ፣ ከዚያም ተመሳሳዩን ከተመሳሳዩ ማነጻጸር ነው። ለማኅፀን ውስጠኛ ሽፋንም የወር አበባ ዑደቱ ቀን፣ ለእንግዴ ልጅም የእርግዝናው ሳምንት ሳይጻፍ ንጽጽር የለም። ከእናት ወገን ከተወረሰው ቅጂ ብቻ የሚነበበው ኤች19 የተባለው አርኤንኤ በጽንስና በእንግዴ ልጅ ውስጥ ብዙ ነው፣ ከወሊድ በኋላ በአብዛኛው ሕብረ ሕዋስ ይወርዳል፣ በአንዳንድ ዕጢ ደግሞ ተመልሶ ይነሳል። ሳምንቱ ካልታወቀ ከፍታው ምን እንደሆነ አይለይም።

ወደ ካንሰር ስንመጣ፣ ሆትኤር የሚባለው ረጅም አርኤንኤ በ2007 እ.ኤ.አ. ተገኝቶ በ2010 ከጡት ካንሰር መዛመት ጋር ተያያዘ። በማኅፀን በርና በኦቫሪ ካንሰርም ከፍ ብሎ ይታያል። በብዙ ካንሰር ከፍ የሚል ነገር ግን ካንሰሩ የየት እንደሆነ አይነግረንም፤ ለምርመራ ደካማ ነው። የማኅፀን በር ካንሰር በአገራችን ሴቶች ዘንድ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ የሚመጣ በሽታ ነው። መከላከያው በእጃችን አለ፦ በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው የኤችፒቪ (የማኅፀን በር ካንሰር አምጪው ቫይረስ) ክትባት፣ የኤችፒቪ ምርመራ፣ በአሴቲክ አሲድ የሚደረገው የዓይን ምርመራ። የአርኤንኤ ጥናት አለ ተብሎ አንዲት ሴት ከእነዚህ አንዱን ልታዘገይ አይገባም።

ከእነዚህ አርኤንኤዎች ተፈትኖ ወደ ክሊኒክ የገባው ፒሲኤ3 ነው። ከፕሮስቴት ካንሰር ሕዋሳት የሚወጣ ነው፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ምርመራውን በ2012 እ.ኤ.አ. አጸደቀው። የሚሠራው ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ ለሆነ፣ ቀደም ሲል ባዮፕሲ ተደርጎላቸው ካንሰር ላልተገኘባቸው ወንዶች ድጋሚ ባዮፕሲ ያስፈልግ እንደሆነ ለመወሰን ነው። ሐኪሙ በፊንጢጣ በኩል እያንዳንዱን የፕሮስቴት ክፍል ሦስት ጊዜ ተጭኖ ያሻል፤ ወዲያው የመጀመሪያው 20 እስከ 30 ሚሊ ሊትር ሽንት ይወሰዳል። እዚህ ላይ ልማዳችን ይጥለናል። ለሽንት ምርመራ መጀመሪያውን አፍስሶ መሃሉን መያዝ ስለለመድን፣ ሕዋሳቱን ይዞ የሚወጣውን ክፍል እንደፋዋለን። ሽንቱ በበረዶ ላይ ተቀምጦ በ4 ሰዓት ውስጥ ወደ ማቆያ ፈሳሹ መግባት አለበት። ውጤቱ ፒሲኤ3 አርኤንኤ የፕሮስቴት ሕዋሳት በሚሠሩት የፒኤስኤ ፕሮቲን አርኤንኤ ተካፍሎ በ1000 ተባዝቶ ይሰላል፤ ከ25 በታች ከሆነ ካንሰር የመገኘት ዕድሉ ዝቅ ይላል። ማካፈሉ ያስፈለገው በሽንቱ ውስጥ የገባው የፕሮስቴት ሕዋስ ብዛት ከሰው ሰው ስለሚለያይ ነው። ፒኤስኤ አርኤንኤው በቂ ካልሆነ ናሙናው ይጣላል።

አሁን ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል እንግባ። አርኤንኤን የሚበላው ኢንዛይም በላባችን፣ በምራቃችን፣ በጣታችን ላይ አለ፤ በሕብረ ሕዋሱም ውስጥ አለ። ማፍላት አያጠፋውም፤ አውቶክሌቭ (በእንፋሎት ግፊት የሚያመክነው ዕቃ) እንኳ ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። የእኛ ከተማ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ግፊት ብቻ የሚያሳይ አሮጌ አውቶክሌቭ 15 ፒኤስአይ (ፓውንድ በስኩዌር ኢንች) ሲያነብ ውስጡ 117 ዲግሪ ያህል ነው፤ 121 ለመድረስ መርፌው ወደ 18 መጠጋት አለበት። ስለዚህ ሙቀቱን እንጂ ግፊቱን አትመኑ። ውኃውንም ኢንዛይሙን በሚያከሽፈው ኬሚካል በዲኢፒሲ 0.1 በመቶ፣ ማለትም በ1 ሊትር 1 ሚሊ ሊትር፣ አሳድሮ ከዚያ አውቶክሌቭ ማድረግ ነው።

ዕጢው እንደወጣ መጀመሪያ ድርሻው የፓቶሎጂ ነው፤ የታማሚውን ምርመራ የሚያጎድል ጥናት መደረግ የለበትም። ፓቶሎጂስቱ የፈቀደውን ቁራጭ በአንድ በኩል ከ0.5 ሴንቲ ሜትር እንዳይወፍር ቆርጦ በአምስት እጥፍ አርኤንኤሌተር (አርኤንኤን ከመበላሸት የሚጠብቅ ፈሳሽ) ውስጥ መክተት ነው። ከወፈረ ፈሳሹ መሃሉ ሳይደርስ ይበላሻል። በዚህ ፈሳሽ ውስጥ በ37 ዲግሪ 1 ቀን፣ በ25 ዲግሪ 1 ሳምንት፣ በ4 ዲግሪ 1 ወር ይቆያል። ከደባርቅ ብርድ የሚመጣና ከመተማ ሙቀት የሚመጣ ናሙና እኩል ጊዜ የላቸውም፤ የመተማው በበረዶ ሳጥን ይምጣ። ቀድሞ በረዶ የሆነን ሥጋ ግን እዚህ ውስጥ አትክተቱ፤ ሲቀልጥ የተፈነዳው ሕዋስ ኢንዛይሙን ይለቅቀዋል። መብራት ጠፍቶ ማቀዝቀዣው ከሞቀም ያው ነው፤ ቀልጦ የተመለሰ ናሙና መልኩ አይለወጥም፣ መዝገቡ ግን ሊያውቀው ይገባል።

አርኤንኤው ከወጣ በኋላ የሚያሳስተን ትልቁ ነገር የዲኤንኤ ብክለት ነው። በትራይዞል (አርኤንኤ ማውጫ ፈሳሽ) ሲወጣ የላይኛውን ጥርት ያለ ፈሳሽ እስከ መጨረሻው መምጠጥ የሚያጓጓ ቢሆንም፣ ዲኤንኤው ከሥሩ ባለው ነጭ ሽፋን ላይ ስለሚቀመጥ ጥቂቱን መተው ይሻላል። ዲኤንኤን በሚበላው ኢንዛይም በዲኤንኤዝ ማጽዳት፣ ከዚያም ሪቨርስ ትራንስክሪፕቴዝ (አርኤንኤን ወደ ዲኤንኤ የሚገለብጠው ኢንዛይም) ያልገባበት መቆጣጠሪያ ከእያንዳንዱ ናሙና ጎን ማስኬድ ግዴታ ነው። ብዙዎቹ ረጃጅም አርኤንኤዎች መጠናቸው ትንሽ ነው፤ አንዳንዶቹ አንድ ኤክሶን (በመጨረሻው አርኤንኤ ውስጥ የሚቀር የጂን ክፍል) ብቻ ስላላቸው ፕራይመሩ (የሚፈለገውን ቁራጭ የሚይዘው አጭር ሰንሰለት) ዲኤንኤውን ከአርኤንኤው አይለይም። ቅጂ እያባዛ በሚለካው ፒሲአር መቆጣጠሪያው ከናሙናው ቢያንስ 7 ዑደት ዘግይቶ ከመጣ፣ ዑደቱ እጥፍ እጥፍ ስለሚሄድ፣ የዲኤንኤው ድርሻ ከ1 በመቶ በታች ነው። 2 ዑደት ብቻ ከዘገየ ሩቡ ንባብ ዲኤንኤ ነውና ውጤቱ አይታተም።

ይህ ሁሉ ከላብራቶሪው በር በፊት በሚሞላ አንድ ወረቀት ላይ ይንጠለጠላል። የናሙና መላኪያ ቅጹ ላይ ዕጢው ከሰውነት የወጣበት ሰዓትና ፈሳሽ ውስጥ የገባበት ሰዓት ለየብቻ ይጻፉ። ለሴቶች የወር አበባው የመጨረሻ ቀን ወይም የእርግዝናው ሳምንት፣ ለእንግዴ ልጅ የሕፃኑ ጾታ ይጨመር። ሰዓቱ ካልታወቀ ገምቶ ከመሙላት ቦታውን ባዶ መተው ይሻላል። ቅጹን የሚሞላው በቀዶ ጥገናው ክፍል ያለው ሰው ነው እንጂ በማግሥቱ ናሙናውን የሚረከበው አይደለም።

አመሰግናለሁ።